ኮልፌ ላይ የተቃኘ ሞተር

ኮልፌ ቀራኒዮ፣ 18 ማዞሪያ
ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለባምላኩ አሰፋ፤

እንደምን ከርመሃል ብዬ እንደ ወጉ ልጀምር ነበር፤ እዚያ ቦታ ምን መክረም አለ ብዬ ተውኩት። ብቻ አለህ? የላኩልህን ሹራብ ለብሰኸዋል ወይስ እንደ ልማድህ ለአጠገብህ ሰው ሰጥተኸዋል? ዝዋይ ይሞቃል አትበለኝ፤ ሲሚንቶ የትም አገር ሲሚንቶ ነው። በሶውንና ዳቦ ቆሎውን ሀምዳን ነው የሚያደርስልህ። ሽንኩርት ሊጭን በወረደ ቁጥር አይሱዙውን እስር ቤቱ በር ላይ ሳያቆም አያልፍም፤ እግዜር ይስጠው፣ ከዘመድ በልጧል። ዳቦ ቆሎው ትንሽ አርሮብኛል። ዘንድሮ ምን የማያርር ነገር አለኝ ብለህ ነው።

እኛ ደህና ነን። አባትህም ደህና ነው። ብዙ አያወራም እንጂ ደህና ነው። ሰፈሩ ለኅዳር ሲታጠን ቆሻሻውን ከአሁኑ በየደጁ እየከመረ ነው፤ የታክሲ ረዳቶቹ እንደ ወትሮው ይጮኻሉ። ጋራዡ ግን ዝግ ነው። ሰው ሞተሩን ተሸክሞ እየመጣ በሩን አይቶ ይመለሳል።

አውቅሃለሁ፣ ደብዳቤዬ ሲደርስህ መጀመሪያ የምታየው ታችኛውን ጫፍ ነው። እኔ ገጽ ሙሉ ለፍልፌ፣ አባትህ ከሥር በዚያ የቤተ ክህነት ጽሕፈቱ አንድ መስመር ጣል ያደርግና አንተ እሷኑ ደጋግመህ ታነባለህ። "የእሙን ወሬ ቀንሰህ ስማ፣ በርታ" ብሎ የጻፈልህን እኮ አይቻለሁ! ዛሬ ግን ወደ ታች አትሩጥ። መጀመሪያ የኔን ስማኝ።

ሀምዳን እንደነገረኝ ደብዳቤ በር ላይ ተከፍቶ ይነበባል። ስሰማ ደንግጬ የጀመርኩትን ቀደድኩት። ሌላም ጀመርኩ፣ ቀደድኩት። ኋላ ግን ይነበብ አልኩ። እሰይ፣ ይነበብ! የሚሰማን ሰው አጥተን አይደል እንዴ የምንሰቃየው?

አንተ የምታነበው ወንድሜ፣ ስምህን አላውቅም። እናት ካለችህ በእናትህ ይዤሃለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብበህ ለልጄ ስጥልኝ። ባምላኩ፣ አንተ ደግሞ የምታውቀውን ስለምደግመው አትሰልች፤ ለሱ ስል ነው።

ባለቤቴ አሰፋ እዚህ 18 ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ጋራዥ አለው። የመኪና አይደለም። የጀልባ ሞተር ነው የሚጠግነው። ኮልፌ ምን ውሃ አለና የጀልባ ሞተር ይጠገናል እያለ የማይስቅበት የለም። ውሃው በርሜል ነው። ከዝዋይ፣ ከአዋሳ፣ ከአርባ ምንጭ ሞተር በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ ይመጣለታል። በርሜሉ ጠርዝ ላይ ያስረዋል፣ ውሃ ይሞላል፣ ያስነሳዋል፣ ከዚያ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ጎረቤት በጭሱ እየተራገመ ልብሱን ከገመድ ላይ ይሰበስባል። ያኖረን ያ በርሜል ነው፣ ልጄንም ያሳደገው እሱ ነው።

ልጄ ባምላኩ ዝዋይ ላይ ከጓደኛው ከወዬሳ ጋር በሽርክና ጀልባ ነበራቸው። ሰውና ሽንኩርት ወደ ደሴቶቹ ያመላልሳሉ። የአንድ እናት ልጆች እንኳ እንደነሱ አይዋደዱም፤ የአንዱ ጫማ ሲያረጅ ሁለቱም በአንድ ቀን ነበር የሚገዙት። ክረምቱ ላይ ሌላ ጀልባ መጣባቸው፣ አዲስና ፈጣን፣ ተሳፋሪውን ጠቅልሎ የሚሄድ። የነሱ ሞተር ኮምፒውተር ያለው ዘመናዊ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሳ አቅም ያንሰዋል። ልጄ ሞተሩን በሀምዳን መኪና አስጭኖ ወደ አባቱ መጣ።

አባቱም አንዲት ትንሽ ሳጥን ከመርካቶ ገዝቶ ጠበቀው። የክብሪት ቤት የምታክል ናት። የሞተሩ ኮምፒውተር ላይ ትሰካና ከዚያ በኋላ ሞተሩ በራሱ ማሰቡን ይተዋል፤ ነዳጁን መጨመሩም መቀነሱም በስልክ ይሆናል። ጉልበት ትጨምራለች ነው የሚሏት። አሰፋ እንዲህ ያለ ስልክ የለውም፤ በልጁ ስልክ ነው የነካካት። ይህችን ነገር ያዝልኝ ወንድሜ።

ያን ዕለት እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርት እልጥ ነበር። ሞተሩ በርሜሉ ውስጥ ጥቁር ጭስ እየተፋ ያስላል። አሰፋ "ነዳጅ በዝቶበት ነው" አለና በስልኩ ቀነሰ። ደግሞ አዳመጠ፣ ደግሞ ቀነሰ። ክራር እንደሚቃኝ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ፣ ሞተሩ እስኪዘፍን ድረስ እየቀነሰ ቃኘው። ጭሱም ጠራ፣ ድምፁም አማረ። እውነት ለመናገር እኔም ሽንኩርቴን ትቼ አጨበጨብኩ።

ልጄ ግን ፊቱ አልፈታም። "አባዬ፣ ዝዋይ እኮ ቆላ ነው፣ አየሩ ከዚህ ይከብዳል። እዚያ ወርደን ሐይቁ ላይ ብንለካው አይሻልም?" አለ። አሰፋ ተቆጣ። "እኔ በዚህ በርሜል ስለካ ነው ፀጉሬ የሸበተው! ሞተር ኮልፌም ሞተር ነው፣ ዝዋይም ሞተር ነው!" ብሎ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠለት። ልጄም ዝም አለ፤ አባት ሲቆጣ ዝም ይባላል፣ እንዲህ ነው ያሳደግነው። በዚህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናት ምስክር አትሆንም ካላችሁ ነጭ ሽንኩርቱን ጠይቁት።

መጀመሪያ ሰሞን ጀልባዋ በረረች። ወዬሳ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደወለልኝ። "እማማ እሙ፣ ጋሽ አሰፋን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ፤ ያ አዲሱ ጀልባ ጀርባችንን እያየ ነው የሚውለው!" አለ። እንዴት እንደሳቀ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ጀልባዋ ሰው ሞልታለች፣ ነፋሱ ተነስቷል፣ መሀል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ጮኸና ቀጥ አለ። ጀልባዋ ለማዕበሉ ጎኗን ሰጥታ ተገለበጠች። ልጄና ወዬሳ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ እየጎተቱ የተገለበጠችው ጀልባ ላይ አንጠለጠሉት። ከደሴቱ ሰዎች ቀዝፈው ሲደርሱ ተሳፋሪው በሙሉ ነበረ። ወዬሳ አልነበረም።

ለቅሶ ወረድኩ። ያን ጊዜ ጥፋቱ የሐይቁ እንጂ የማንም አልነበረም። የወዬሳ ሚስት ጉዲቱ፣ ሆዷ ገፍቶ፣ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "እማማ፣ ምን ልሁን?" እያለች አለቀሰች። እኔም ቁጭ ብዬ ማየት አቃተኝና ሥራ ስጡኝ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ንፍሮ ጣድኩ። ኮልፌ ንፍሮ ጥጄ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፣ አሁንም ጥሬ ነው። እዚያ ግን ዞር ሳልል በሰለ። ስገረም ጊዜ ጉዲቱ እንባዋን እየጠረገች "እዚህ ቆላ ነው እማማ፣ ቶሎ ይበስላል" አለችኝ።

ይህን እያወራን ነው የጀልባ ማኅበሩ መካኒክ የገባው። ሞተሩን ፈትቶታል። ፒስተኑ ተቃጥሎ ተበስቷል፤ ያቺ ሳጥን መዳፉ ላይ ናት። "ይህ ሞተር የተለካው ደጋ ላይ ነው" አለ። አየሩ ስስ የሆነበት ቦታ ነዳጁን ቀነሱለት፤ ወፍራም አየር ያለበት ቦታ ሲያወርዱት ነዳጁ አነሰውና ራሱን አቃጠለ፣ ነው ያለው። ጭልፋው በእጄ እንዳለ ነው የሰማሁት። ያው እሳት፣ ያው ድስት፣ ቦታው ነው ሌላ። ለኔ እንኳ ገባኝ። ጉዲቱ ቀና ብላ አየችኝና ጭልፋውን ከእጄ ወሰደችው። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ፣ ልጄ።

ፖሊስ "ማን ነው የነካካው?" ሲል "እኔ ነኝ" አልክ። ስልኩ ያንተ፣ ጀልባዋ ያንተ፣ ማን ይጠራጠርሃል? ለምን እንዳልክ አላጣሁትም። ያን ደም ግፊቱን አስበህ ነው። አባዬ እዚህ ቢገባ ሳምንት አይቆምም ብለህ ነው። የታባህን እንዲህ ያለ ልብ አመጣህ? ከኔ አይደለም፤ እኔ ብሆን የመጀመሪያ ጥፊ ሲያርፍብኝ ስሙን ከነአያቱ እጠራው ነበር።

አባትህ ሲሰማ ምሳውን አቁሞ ተነሳ። "ልጄ ለኔ ጥፋት ሊታሰር? እኔ ቆሜ?" አለ። ቀጥታ ሀምዳን ጋቢና ገባ፤ እኔም ተከትዬው ገባሁ። ዝዋይ ፖሊስ ጣቢያ ደርሶ "እኔ ነኝ" ቢል ተረኛው ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል "አባባ፣ አባት ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው፣ ይሂዱ ይረፉ" አለው። እረፉ! ከዚያ የወዬሳ አባት ኦቦ ጉተማ ሽማግሌዎቹን ይዘው ወደ ተቀመጡበት ሄድን።

ጉማ የሚሉትን አንተ ኖረህበታልና ታውቀዋለህ፤ እኔ ያን ቀን ነው የገባኝ። የደም ዕርቅ ነው። ያጠፋው ሰው በሟች ወገን ፊት ቆሞ በአፉ "እጄ ነው" ይላል። እነሱ ሲቀበሉት ይታረቃሉ፣ ሽማግሌዎቹም ፍርድ ቤት ሄደው ቂም የለንም ይላሉ። ለኛ የቀረን በር ይህች ብቻ ነበረች።

አባትህ ከግራሩ ሥር ቆመ። ቀኝ እጁን አወጣ። "ኦቦ ጉተማ፣ ወዬሳን የገደለው ይህ እጅ ነው። ልጄ ነኝ ቢል ለኔ ብሎ ነው" አለ። ኦቦ ጉተማ ያን በዘይት የጠቆረ እጁን አዩት፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ከዚያ ምን አሉ መሰለህ? "ልጅህም እንዲሁ ብሎ ምሎልናል" አሉ። "አባት ለልጁ ይዋሻል፣ ልጅም ለአባቱ። ለአንድ ደም ሁለት እጅ ቀርቦልኝ የትኛውን ልታረቅ? የውሸቱን ይዤ ብታረቅ የልጄ ደም ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።"

ብንለምናቸው፣ ብንንበረከክ አልተመለሱም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ እውነታቸውን ነው። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት አንተ ወዳለህበት ይመጣሉ። አባትህም ይምጣ፣ ሁለታችሁ ፊት ለፊት ቆማችሁ አንዳችሁ የሌላው ቃል እውነት ነው ብሎ ይመን፣ ያን ጊዜ እንታረቃለን ነው ያሉት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የኛ እያደር ደፈረሰ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ የለፈለፍኩት ለአንድ ነገር ነው። አፈር ስሆን ባምላኩ፣ የጠባኸው ጡቴ ይለምንህ፣ ሲመጡ "አባቴ ነው" በላቸው። እውነቱን ብቻ። አባትህን አሳልፈህ ስጥ ማለቴ ነው፤ አውቀዋለሁ፣ ላሳምረው አልሞክርም። ሚስት ሆና እንዲህ ብላ የምትጽፍ ምን ዓይነት ሴት ናት የሚል ካለ ይበል። እሱ ኖሯል። ተድሯል፣ ወልዷል፣ በሙያው ተከብሯል፣ እኔንም ችሎ ኖሯል። አንተ ምን አየህ? ገና ትዳር እንኳ ሳትይዝ ጢምህ እዚያ ውስጥ ሊሸብት ነው? አንተን ከወለድኩ በኋላ ማኅፀኔ ተዘግቷል። ከሁለታችሁ አንዳችሁን ምረጪ ካሉኝ አንተን ነው የምመርጠው፣ እሱም ይህን ያውቃል፣ አልቀየመኝም።

እሺ እንደማትል ግን ይታየኛል። እያነበብክ ራስህን እየነቀነቅህ ነው። በግትርነት እሱን ነው የወጣኸው፤ እሱ በርሜሉ አይሳሳትም አለ፣ አንተ ደግሞ አባቴ አያጠፋም አልክ። በሁለታችሁ መሀል እኔ ነድጄ አለቅሁ።

አባትህ ያን ቀን አይመጣም። መንገዱ ይከብደዋል። ባለፈው ሰኞ ጋራዡ ውስጥ ትንሽ አመም አድርጎት ነበር፤ ጉንፋን ነገር ነው፣ ይህ የኅዳር ብርድ ማንን አልጣለም? ጎረቤታችን ቀነኒሳ፣ በያጁ፣ ጠዋት ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ላይ ያወጣልኛል፣ ሲመሽ ያስገባልኛል። ሾርባ እሰጠዋለሁ፣ ይወስዳል። በአንድ በኩል ትንሽ ይፈስበታል እንጂ ይወስዳል። ወንበሩን በርሜሉ ፊት ነው የምናደርግለት። ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፣ ልድፋው ብዬ ስነሳ በዓይኑ ከለከለኝና ተውኩት። ለምን አልመጣም ብለው ከጠየቁህ ጉልበቱን ነው በላቸው። ኦቦ ጉተማ በአፉ ካልሰማሁ ብለዋል። እሱን እንግዲህ እግዜር ያውቃል። ሰውዬው ቆሞ ሲናገር አልሰሙትም፣ አሁን ሊሰሙት ሲመጡ ደግሞ... ተወው። አንተ ብቻ ያንተን ተናገር። አሞታል ብለህ ሆድህ እንዳይባባ፤ ጉንፋን ነው ብዬሃለሁ።

የሚቀጥለውን በሶ ማር ጨምሬ አሽልሃለሁ። ሹራቡን ከሰጠኸው ሌላ አለ፣ የአባትህ ቡኒው፤ እሱ አሁን ጋቢ ነው የሚለብሰው፣ እጅጌ ማስገባት ያስቸግራል።

ቅዱስ ሚካኤል ከፊትህ ይቅደም። የምትተኛበት ሲሚንቶ ይሙቅህ፣ አጠገብህ የሚተኛው ሰው መልካም ይሁንልህ። የወዬሳን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። ጉዲቱን በሰላም ይገላግላት፤ አዎ፣ ለሷም እጸልያለሁ፣ ዓይኔን ማየት ባትፈልግም። አንተ የምታነበው ወንድሜም፣ እናትህን ያቆይልህ።

እናትህ እሙ

የአባትህን መስመር እየፈለግህ ነው አይደል? ከዚህ በታች ያለው ጥቁር ነገር የእድፍ ምልክት እንዳይመስልህ፤ የአባትህ ጣት ነው። የግራ እጁ አውራ ጣት። ደብዳቤውን በሙሉ አንብቤለታለሁ። "አባቴ ነው በላቸው" ያልኩህ ቦታ ላይ ስደርስ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠልኝ፤ እሺ ማለቱ ነው፣ እንዲህ ነው የምንግባባው። ጣቱን ይዤ ከበርሜሉ ጠርዝ ዘይት ነክቼ ያተምኩት እኔ ነኝ። በእጁ ያልጻፈልህ እስክሪብቶ አጥተን ነው።